ሰው ግቢ የተለቀሰ ለቅሶ

ዓለም ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ሰፈር መኖር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ከወለጋ የመጣችው አግብታ ነው። ቤቷ ውስጥ በእግር በሚነዳ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሜትር ሳታወጣ የልጅ ትከሻ በዓይኗ ትለካለች፣ አትሳሳትም። ባሏ ገመዳ ሾፌር ነው፣ ያውም የቱሪስት ሾፌር። ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ባለው አስጎብኚ ድርጅት ላንድክሩዘር እየነዳ፣ ፈረንጅ ጭኖ ከተራራ ተራራ ሲዞር ነው ዕድሜውን የፈጀው። ሰፈሩ ሲቀልድበት «ብርድ አመላላሽ» ይለዋል። በዚህ ስም ከሁሉም በላይ የምትስቀው ዓለም ነበረች። ሰው ቤት እያለው፣ የሞቀ አልጋ እያለው፣ ከጀርመን አገር ድረስ ተነሥቶ ባሌ ተራራ ላይ በሸራ ድንኳን ሊንቀጠቀጥ ይመጣል፤ ተንቀጥቅጦ ሲያበቃ ደግሞ አመስግኖ ይሄዳል። ይሄ የጤና ነው ወይ ትል ነበር።

ልጇ ያቤጽ የአባቱን ብርድ ወረሰ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ገመዳ መኪናውን ባዶውን ይዞ ወደ ጎባ ሲወርድ አብሮት ወሰደው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቱሪስቶቹ በአውሮፕላን ጎባ ያርፋሉ፣ መኪናው ግን ቀድሞ በመንገድ ሄዶ ይጠብቃቸዋል፣ ስለዚህ ሲሄድ ባዶ ነው። ሾፌር ቤተሰቡን ይዞ መውጣት ካማረው ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም። የያቤጽ ታናሽ ሩሃማ እኔስ ብላ በር ላይ ተንከባልላ አለቀሰች። አንቺ ደግሞ በሚቀጥለው አላት አባቷ። የሚቀጥለው ሳይመጣ ቀረ። መንግሥት ተለወጠ፣ ያኔ ይሠራበት የነበረው የመንግሥት አስጎብኚ ድርጅት ተበተነ፣ ገመዳ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፣ ኋላም የግል ድርጅት ቀጠረው፤ እስከዚያ ድረስ ሩሃማ አድጋ ተድራለች። ያቤጽ ዩኒቨርሲቲውን ሲጨርስ ያንኑ ተራራ ብሎ ተመለሰ። ዲንሾ፣ ፓርኩ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ተቀጠረ። ሥራው ፈረስ ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን መመልከት ነው። ዓለም ልጄ የሚሠራውን ለሰው ለመናገር አፍራለሁ እያለች ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቁማ ትናገር ነበር።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ሩሃማ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትታረስ መጣች። ገና ጎኗ ሳይጠና ጉዞ ማቀድ ጀመረች። አባቷ ጥር ላይ መኪናውን ባዶውን ወደ ጎባ እንደሚያወርድ ሰምታለች። በቃ፣ ተራዬ ደረሰ አለች። እሷ ሕፃኑን ታቅፋ ከፊት ትቀመጣለች፣ እናቷ ከኋላ። ሻሸመኔ ያድራሉ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ዲንሾ ይገባሉ፣ ያቤጽም የእህቱን ልጅ ያያል። ዓለም መጀመሪያ ላይ አሾፈችባት፤ ጨቅላ ይዞ ብርድ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ከፈረንጆቹም ይብሳል አለቻት። ውስጥ ውስጡን ግን ጓጉታለች። ልጇን ካየችው ዓመት አልፏል፣ የሚኖርበትንም ቦታ በወሬ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም።

ሩሃማ በወለደች በሳምንቱ ገመዳ ሥራ ላይ መሆን በሚገባው ሰዓት በእግሩ መጣ። ወደ ቤቱ አልገባም፤ አጠገባቸው ወዳለው ወደ መኪያ ሱቅ ነው የገባው። መኪያ ወሎዬ ናት። ባሏ ሐሩን የጭነት መኪና ይነዳል፣ እሷ ሱቋን ትሸጣለች። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ በዚህ ወገን ላስነጠሰው በዚያ ወገን ይማርህ ይባላል። መኪያ በአጥሩ ብቅ ብላ ዓለምን ጠራቻት፣ ለአራሷ የሚሆን ማር መጥቷል ነይ ቅመሽው አለቻት። ዓለም በቀሚሷ የተለጠፈውን ክር እያራገፈች ገባች። ገመዳን ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ ስታየው ክፉ ነገር መሆኑን ሳይነገራት አወቀች። ጠዋት ሳነቴ የሚባለው ሜዳ ላይ ያቤጽን ፈረስ ጥሎት ነበር። ፈረሱን ውርጭ ነው ያንሸራተተው። ጎባ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ፤ የገመዳ ቢሮ በሬዲዮ ሰማ።

ዓለም ልትጮኽ ስትል መኪያ በመዳፏ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘችው።

«ዓለሜ» አለቻት በጆሮዋ፣ «አራስ አለች። አራስ አለች፣ ዋጪው።»

ዓለምም ዋጠችው።

አራስ መርዶ አይነገራትም። ይሄን ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ግን ከሃያ ሁለት እስከ ገርጂ፣ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም ይሄን የማያከብር ሰው አይገኝም። ትደነግጣለች፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑም አብሮ ይጎዳል። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መኪያ ጓዳ ተሰብስበው መከሩ። አስከሬኑ አዲስ አበባ ከመጣ ሰፈሩ ይጮኻል፤ ሰፈሩ ከጮኸ ሩሃማ ትሰማለች። ስለዚህ እዚያው ጎባ ይቀበር ተባለ። ገመዳ ከሐሩን ጋር ይሂድ፣ ለሩሃማ ለሥራ ወጣ ይባልላት። ዓለም ትቅር፤ እሷም ከሄደች አራሷን ማን ያያል፣ እናቴ የት ሄደች ስትልስ ምን ይመለሳል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲሰማ ልክ ነበር። ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ፣ ሁሉም ለሩሃማ አስቦ፣ አንዲት እናት ልጇን ሳትቀብር ቀረች። የሚያናድደው ይሄ ነው፤ የሚቀየሙት ሰው እንኳ አይገኝም።

ልጅ ሞቶ ግን ሳይለቀስለት አይቀርም፣ ሰውም ለቅሶ መድረስ አለበት። ድንኳኑ የት ይተከል ሲባል እኔ ግቢ አለች መኪያ። ለሩሃማ የመኪያ አጎት ሞቱ ይባላል። መኪያ በቁም ያለ ሰው ሞተ ማለት አላህን ያስቆጣል ብላ ፈራች፤ ስለዚህ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ያረፉትን የወረባቦውን አጎቷን እንደገና ሞቱ አሏቸው። ምስኪን፣ ያኔ ድንኳን የተከለላቸውም አልነበረ አለች መኪያ፣ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች።

ሦስት ቀን ሰዉ ጎረፈ። ዓለም ጴንጤ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ግን እንደ ልማዳቸው መዘመር አልቻሉም፤ ከመኪያ ድንኳን መዝሙር ከተሰማ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አንገታቸውን ደፍተው፣ በሹክሹክታ ጸልየው ይነሣሉ። ሩሃማ በመስኮት ታያቸዋለች። ለአንዲት ሙስሊም ጎረቤት አጎት እንዲህ ነቅለው መውጣታቸው ደስ አሰኛት፤ ሕዝባችን ፍቅር አለው አለች። ዓለም ለቅሶ ቤት ላግዝ ብላ ትሄዳለች፣ ከሐዘንተኞቹ መካከል ትቀመጣለች፣ ሰው ጉልበቷን ይዞ ጌታ ያጽናሽ ይላታል። የሩሃማ ገንፎ ሰዓት ሲደርስ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ዓይንሽን ምን ነካው ስትባል ለሐዘንተኛው ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ ትላለች። መኪያ ስኳርና ጨው የምታከማችበትን የኋላ ክፍል ለቃላት ነበር፣ እዚህ ገብተሽ እንደልብሽ አልቅሺ ብላ። ዓለም ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትጎስራለች። ከግድግዳው ወዲያ ሩሃማ ለልጇ እሽሩሩ ስትል ይሰማታል። ያ ለቅሶ አይባልም፤ እንባው ይወርዳል እንጂ ከሆድ የሚወጣ ነገር አልነበረውም።

ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ሩሃማ እናቷን እጇን ይዛ አስቆመቻት። «እትዬ መኪያን ጌታ ያጽናሽ ብላሻለች በይልኝ። አራስ ሆኜ ነው እንጂ ከሰው ሁሉ ቀድሜ እደርስ ነበር በያት።»

ዓለም እነግራታለሁ አለች። ሄዳም ነገረቻት። ሁለቱ ሴቶች ከስኳሩና ከሳሙናው መካከል ተቃቅፈው ቆሙ፤ ደንበኛ መጥቶ ጠርቶ ጠርቶ ሄደ።

ገመዳ ቀብሮ ሲመለስ የሩሃማ የመጀመሪያ ጥያቄ ያቤጽን አየኸው ወይ የሚል ነበር። ገመዳ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ትራፊክ ሲያስቆመው ጥፋቱን ራሱ ቀድሞ የሚናገር። አየሁት አለ። ልጅ እንደወለድኩ ነገርከው ወይ አለችው። ነገርኩት አለ። ይሄም እውነት ነበር፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጎንበስ ብሎ ነግሮታል። ምን አለ ስትለው ግን መኪናው ዘይት የሚያፈስ መሰለኝ ልየው ብሎ ወጣ። ዓለም ተከትላው ስትወጣ የግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆሟል፤ ውሃውን ከፍቶታል፣ ግን አይታጠብም። ሁለቱም ውሃው ሲፈስ አዩ፣ ከዚያ ዓለም ዘጋችውና ገባች።

ከዚያ ወዲያ ያ ጉዞ የቤቱ መከራ ሆነ። አልጋ ላይ የዋለች ሴት ሌላ ምን ታደርጋለች፤ ሩሃማ ታቅዳለች። ለሕፃኑ የሱፍ ኮፍያ ሠራች፣ ቀጥላ ለያቤጽ ሹራብ ጀመረች። የወንድሟን የትከሻ ልክ እናቷን ጠየቀቻት። ዓለም ሁለት እጇን አየር ላይ ዘርግታ ለካችላት። እጆቿን ወዲያው ማውረድ አቃታት፤ ሩሃማ በቃ አየሁት እስክትላት ድረስ እንደተዘረጉ ቆዩ። የዚያን ቀን ከሰዓት ዓለም የሚሰፋ ነገር ሳይኖራት የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ባዶ ጨርቅ ስትሰፋ ዋለች። መኪናው ሲንኳኳ ትንፋሿ አይሰማም።

እራት ላይ ደግሞ ሩሃማ አባቷን ተራራውን ተርክልኝ ትለዋለች። ገመዳ መጀመሪያ ደክሞኛል እያለ ሸሸ። ኋላ ግን እንግዳ ነገር ሆነ፤ መተረኩን ወደደው። ሲተርክ ያቤጽ ያለ ይመስለው ነበር ይሆናል። ዲንሾ ስትደርሺ ደጋ አጋዘኑ እንደ ቤት ከብት ግቢ ድረስ ይመጣል አላት። ሳነቴ ስትወጪ ዛፍ የሚባል የለም፣ ጅብራ የሚባለው ቁመተ ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም ቆሞ ታያለሽ፤ በጭጋግ ውስጥ ሰው መስሎሽ ሰላም ልትይው ትችያለሽ። ሜዳው ማለቂያ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ሄደሽ ጭስ የሚወጣበት ቤት አታገኚም። ኩሬው ሌሊት በረዶ ሠርቶ ያድርና ረፋድ ላይ ይፈታል። ሽቅብ ስንወጣ ሕፃኑን አጥቢው፣ ጆሮው እንዳይደፈን አላት። ዓለም ሳህን እያነሣች ትሰማለች። በዚያ ተራራ ስትቀልድ ኖራ አሁን እያንዳንዱን ቃል ትለቅማለች፤ ልጇ የት እንደኖረ፣ ምን እያየ እንደወደቀ የምታውቅበት ሌላ መንገድ የላትም። አንድ ቀን ሳታስበው፣ ፈረስ የሚያልፍበት መንገድ ሰፊ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ገመዳ ቀና ብሎ አያትና የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ሩሃማ ሳቀች፤ እማዬ ገና ሳትሄድ ፈራች አለች።

የሩሃማ ባል ተካልኝ ደግሞ ማስመሰሉ ጨርሶ አልሆነለትም። ሚስቱ ያቤጽ ባለች ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሥራ በዛብኝ እያለ መምጣቱን ቀነሰ፤ ሲመጣም ልጁን ስሞ ሹልክ ይላል። ሩሃማ ወልጄ አስጠላሁት ብላ እናቷ ትከሻ ላይ ተንሰቀሰቀች። ዓለም ጀርባዋን እያሻሸች አባበለቻት። አንቺስ ታድለሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ታለቅሻለሽ ብላ በሆዷ ቀናችባት፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

ገና አለፈ፣ ጥር ገባ። ሩሃማ ፊቷ ሞላ፣ ልጁም ጠና። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው ይነገራታል። የጎባው መኪና የሚነሣው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ ዝግጅቱን ያስቆመ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ዓለም ሾላ ገበያ ሄዳ ለቅዳሜው ለቅሶ የሚሆን ምስርና ሽሮ ገዝታ ተመለሰች። ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። አልጋው ባዶ ነው፣ ሕፃኑም የለም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከመኪያ ቤት፣ የሩሃማን ድምፅ ሰማች።

ይሄን ማንም አላሰበውም። ያን ያህል ሲመክሩ፣ ስንቱን ቀዳዳ ሲደፍኑ፣ በወግ ያደገች ሴት ከአራስ ቤት ስትወጣ እግሯ መጀመሪያ የሚረግጠው ሳትደርሰው የቀረችው ለቅሶ ቤት መሆኑ ባንዳቸውም ራስ አልመጣም። ሩሃማ ደግሞ መንገደኛ ናት። የጎረቤት ለቅሶ ሳይደርሱ አገር አቋርጦ መሄድ ነውር ነው።

ዓለም የያዘችውን ዘንቢል ጥላ ገባች። ሩሃማ ልጇን ታቅፋ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍታ መኪያ ፊት ተቀምጣለች። ጌታ ያጽናሽ ብላታለች፤ አጎትሽን ባላውቃቸውም ድንኳኑን በመስኮት እያየሁ አዝኜ ነበር ብላታለች። መኪያ አሜን ማለት አቅቷታል።

«ይቅር በይኝ ዓለሜ» አለች ዓለምን ስታያት፣ «ከሷ አልቀበልም። አልችልም።» ወደ ሩሃማ ዞረች። «ልጄ፣ ለቅሶው የኔ አይደለም። ያንቺ ነው።»

ሩሃማ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው። «ተካልኝ ነው?»

«ተካልኝ ደህና ነው» አለች ዓለም።

«አባዬ?»

«አባትሽም ደህና ነው።»

ሦስተኛውን አልጠየቀችም። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ዓለም እግሯ ሥር ተንበርክካ ቀስ እያለች ነገረቻት፤ ፈረሱን፣ ውርጩን፣ ጎባን፣ የመኪያን አጎት። ሩሃማ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ያ ሁሉ ሰው የፈራለት ወተትም አልደረቀም፤ ቀሚሷን አርሶት ይወርድ ነበር።

«አባዬ ያን ሁሉ ማታ የነገረኝ ውሸት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ተራራው እውነት ነው። እሱ አልዋሸሽም።»

«እንግዲያው ሰኞ እንሄዳለን።»

«እንሄዳለን» አለች ዓለም።

«መቃብሩ ጥሩ ቦታ ነው?»

«አላየሁትም። አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«አንቺን ለማን ጥዬ ልሂድ?»

ሩሃማ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ቂምም ነበረበት።

«ሰፈሩ ሁሉ አልቅሶ ድንኳኑን አጥፏል» አለች። «እናንተ ጨርሳችኋል። እኔ አሁን ብቻዬን ልጀምር?»

ዓለም የልጇን ጉልበት ያዘች።

«እኔም አልጀመርኩም» አለቻት።

መኪያ እጇን ዘርግታ ሕፃኑን ተቀበለች። ዓለም ያቤጽን በስሙ ጠርታ ጮኸች፤ ሩሃማም ተከተለቻት።